የጥንት ሕንጻዎች ዕድሜ በምን ይታወቃል?

የሰው ልጅ ሥልጣኔ መቼ እንደ ተጀመረ ለመናገር ብዙዎች ደፍረዋል። የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር በ1650 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው ብለው ነበር፤ የእኛ አባቶች ደግሞ በባሕረ ሐሳብ 5500 ዓመት ይቈጥራሉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት የሌሎች አገሮች ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የባሕረ ሐሳቡ ቍጥር በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት እስከ ዛሬ ያገለግለናል። የፈራረሰ ሕንጻን ዕድሜ ለማወቅ ግን ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል።

እኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው ቅደም ተከተል ይህ ነበር፤ ሰው በመጀመሪያ አረሰ፤ ካረሰ በኋላ በመንደር ሰፈረ፤ ከሰፈረ በኋላ ታላላቅ ሕንጻዎችን አቆመ። ይህን ትምህርት በብርቱ ያናወጠው በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ፥ ጥንት ኤዴሳ ትባል ከነበረችው ከኡርፋ ከተማ አጠገብ የሚገኘው ጎቤክሊ ቴፔ የተባለው ጉብታ ነው። በ1963 አገሩን የዞሩ ተመራማሪዎች ድንጋዮቹን አይተው የመካከለኛው ዘመን መቃብር ናቸው በማለት አለፉ። በ1995 ጀርመናዊው ክላውስ ሽሚት ቁፋሮ ሲጀምሩ ግን ቁመታቸው እስከ 5 ሜትር ተኩል የሚደርስ፥ ቀበሮና እባብ፥ ጊንጥና ጥንብ አንሣ የተቀረጸባቸው ምሰሶዎች ተገኙ። ዕድሜያቸውም ከ11000 ዓመት በላይ ሆነ። ይህም ማለት ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ 7000 ዓመት ያህል ይቀድማሉ ማለት ነው። ሠሪዎቹም ብረትና የሸክላ ዕቃ የማያውቁ፥ የዱር እህል እየለቀሙና ሚዳቋ እያደኑ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

ድንጋይ መቼ እንደ ተጠረበ ራሱ አይናገርም። የሚመሰክሩለት አብረውት የተቀበሩት ከሰልና አጥንት ናቸው። ሕይወት ያለው ነገር ሲሞት በውስጡ የነበረው ካርቦን 14 በ5730 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። አሜሪካዊው ዊላርድ ሊቢ ይህን መለኪያ በመሥራታቸው በ1960 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የሆነ ሆኖ ዕውቀቱ በዚህ አልቆመም። ሽሚት በስፍራው የሚኖር ሰው አልነበረም፤ ሕዝቡ ለአምልኮ ብቻ ይሰበሰብ ነበር ብለው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ በተደረገው ቁፋሮ ግን መኖሪያ ቤቶችና የዝናም ውሃ ማጠራቀሚያዎች ተገኝተዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፥ የመጀመሪያው ፍርድ እንደገና መታየት አስፈለገው።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው፥ ፒራሚዶችም የጠፋ፥ ስሙ የማይታወቅ ሕዝብ ሥራ ናቸው ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን መዝገብ በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ፥ ዋዲ አል ጃርፍ በተባለው ስፍራ ተገኝቷል። በንጉሥ ኩፉ ዘመን የነበረ ሜረር የሚባል የሠራተኞች አለቃ፥ ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ጭኖ ወደ ጊዛ እንዴት እንዳጓጓዘ ዕለት በዕለት በፓፒረስ ጽፎታል። እንግዲህ የሕንጻውን ዘመን ሲጠራጠሩ ማስረጃ ሳይዙ ቢሆን፥ የሠራውን ሕዝብ ድካም መንጠቅ ይሆናል። ከ4500 ዓመት በኋላ የሕዝቡን ክብር የጠበቀለት የአንድ ሠራተኛ የዕለት መዝገብ መሆኑን እኛ በጽሕፈት ቤት የምንውል ሰዎች ልናስተውለው ይገባናል።

ነገሩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በአፋር፥ ጎና በተባለው ስፍራ የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቈጠሩ ሲሆኑ፥ ይህ ሊታወቅ የቻለው ያረፉበት አፈርና የእሳተ ገሞራ አመድ ስላልተለያያቸው ነው። በየገጠሩ የቆመ ጥርብ ድንጋይ ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት ሲነሣ፥ ድንጋዩ ቢተርፍ እንኳ ዕድሜው ይጠፋል። ስለዚህ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ዓመቱ የታወቀበትን መንገድ ቢያስተምሩ፥ ተማሪዎቹም ያገኙትን ባለበት ትተው ለሚመለከተው ክፍል ቢያስታውቁ፥ ገና ያልተጠየቀው ድንጋይ አንድ ቀን ይመሰክር ይሆናል።