ኮሶ፣ ቅርጫና ቄራ፦ ከከብት ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ከብት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ከእንስሳት ወደ ሰው ስለሚተላለፉ በሽታዎች ታሪክ እንድናገር ስጠየቅ፣ ከእኔ የሚጠበቀው ስለ ኮቪድ ወይም ስለ ኢቦላ እንደሚሆን ገምቻለሁ። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ርእስ በተነሣ ቁጥር ሐሳባችን የሚሮጠው ወደ ሩቅ ጫካ፣ ወደ ሌሊት ወፍና ወደ ባዕድ ገበያ ነው። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁምና ቅርቡን ልናገር። በካዛንቺስና በቂርቆስ ሥጋ ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ዘወትር የሚቀርብ፣ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ሁላችንም በስሙ የምናውቀው በሽታ አለ። ኮሶ ነው።

ፈገግ ያላችሁትን አይቻለሁ። ፈገግታውም የርእሴ አንድ ክፍል ነው። ስለ ውሻ በሽታ ብናገር ማንም አይስቅም፤ ስለ አባ ሰንጋም እንዲሁ። ኮሶ ግን የሚያሳፍር እንጂ የሚያስፈራ ሆኖ አያውቅም። እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ? ይህ ልማድስ ምን አስከፈለን? የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው።

ከስሙ እንጀምር። አባ ሰንጋ ስንል በሬው በስሙ ውስጥ አለ፤ የውሻ በሽታ ስንል ውሻው አለ። ኮሶ ግን በመጀመሪያ የደጋ ዛፍ ስም ነው። ከዚያ የዛፉ አበባ መድኃኒት ሆነና ኮሶ ተባለ፤ ቀጥሎም መድኃኒቱ የሚያስወጣው ትል ራሱ ኮሶ ተባለ። «ኮሶ ታየው» እንላለን፤ «ኮሶ ጠጣ» እንላለን። በሽታው በፈውሱ ስም ሲጠራ፣ ከብቱ ከስሙ ውስጥ ወጥቷል። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትቁጠሩት። ፈውሱን እያሰብን መነሻውን የምንዘነጋበት መንገድ ከቋንቋችን ይጀምራልና።

ስለ ጥሬ ሥጋ አመጣጥ ሁላችሁም የሰማችሁት አንድ ተረክ አለ። በጦርነት ጊዜ ጭስ ለጠላት ምልክት እንዳይሆን ወታደሩ እሳት ሳያነድ ሥጋውን በጥሬው በላ፤ ከዚያም ልማድ ሆኖ ቀረ ይባላል። ብዙ ጊዜ ተረኩ ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ጋር ይያያዛል። ተረኩ ደስ ይላል፤ የጊዜው ቅደም ተከተል ግን አይገጥምም። ከእ.ኤ.አ. 1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጥሬ ሥጋ መበላቱን ጽፏል። የሽምብራ ኩሬ ጦርነት የተካሄደው በ1529 ነው። ስለዚህ ብርንዶ ከጦርነቱ ይቀድማል። የችግር ጊዜ ምግብ ሳይሆን የክብር ማዕድ፣ የግብር ምግብ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህ ቁም ነገር አለው፤ ክብር ያለውን ምግብ «አብስላችሁ ብሉ» በሚል ምክር ብቻ ማስተው አይቻልም።

ኮሶን ለአውሮፓ አንባቢ በዝርዝር ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ከእ.ኤ.አ. 1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ቆይቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ዛፉን በሥዕል ጭምር አቅርቦታል፤ ለወዳጁ ለሰር ጆሴፍ ባንክስ ክብርም ስም አውጥቶለት ነበር። ስሙ አልጸናም፤ ዛሬ የዕፅዋት ሊቃውንት ዛፉን ሃጌንያ አቢሲኒካ ይሉታል። የሚገርመው የለንደን አንባቢ ስለ ጥሬ ሥጋ የጻፈውን ቅጥፈት ነው ብሎ ሲሳለቅበት፣ በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ግን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ያንኑ የኮሶ አበባ እያስመጡ መሸጣቸው ነው። ተቅማጥና ማስመለስ የሚያስከትል፣ ምሬቱ ለምሳሌ የሚጠቀስ መድኃኒት ከደጋችን ወጥቶ የአውሮፓን ሰው ከትል ገላገለ።

በቤታችን ሥርዓቱ እንዲህ ነበር። የሴቴው ዛፍ አበባ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ይበጠበጣል፤ ሰውየው ማልዶ በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል። ከዚያ ኮሶው እስኪወርድ ቤት ይዋላል። የኮሶ ዕለት ሰው ከሥራና ከጉብኝት ነጻ ነው፤ «ኮሶ ጠጥቻለሁ» ያለን ሰው የሚያስገድድ አልነበረም። ከማይፈለግ እንግዳ ለመሸሽ ያገለገለበት ጊዜም ብዙ ነው። በልጅነቴ ቂርቆስ ሰፈር እንደዚህ ባለ ቀን ልጆች ወደ ጎረቤት እንላክ ነበር፤ ምክንያቱን ማንም አይነግረንም፤ ሁላችንም ግን እናውቃለን። ኮሶ ያልተስማማው እንቆቆ፣ መተሬ፣ ቀጨሞ ወይም የዱባ ፍሬ ይወስዳል። የመጠኑ ዕውቀት በእናቶች እጅ ነበር፤ አደጋም ነበረው። ከመጠን ያለፈ ኮሶ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፣ ጽንስ ያስወርዳል፣ ይገድላልም። ስለ ባህላዊ መድኃኒት ስንናገር ይህን የምንዘልል ወገኖች ብንኖር አልስማማም።

መንገደኞች ስለ መድኃኒቱ ሲጽፉ በየወሩ ይወሰዳል የሚሉ አሉ፤ በየሁለት ወሩ የሚሉም አሉ። ይህን የጊዜ ልክ ከትሉ ባሕርይ ጋር አስተያዩት። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የትሉን ረጅም አካል ያወርድና ራሱን አንጀት ላይ እንደተጣበቀ ይተወዋል። ትሉ ዳግመኛ አድጎ ቁርጥራጩ መታየት እስኪጀምር ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጅበታል። ቤተሰቡ ማይክሮስኮፕ ሳይኖረው የትሉን የዕድገት ዘመን በቀን መቁጠሪያው ላይ አስፍሮት ነበር ማለት ነው። ይህ እውነተኛ ዕውቀት ነው፤ ልናከብረውም ይገባል።

ነገር ግን ዕውቀቱ ግማሽ ነበር። ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ ከአራት እስከ አሥር ሜትር ይረዝማል፤ የበሰለው እያንዳንዱ ቁራጭ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት እ.ኤ.አ. በ1861 የትሉን ቁራጭ ለጥጃ አብልቶ፣ በጥጃው ጡንቻ ውስጥ ፍሬ የሚያክሉ ውኃ የቋጠሩ እጮች አገኘ። ይህ ትል ወደ ሙሉ አካል የሚያድገው በሰው ውስጥ ብቻ ነው። ከብቱ የሚያዘው የሰው ዓይነ ምድር የነካውን ሣር ሲግጥ ወይም ውኃ ሲጠጣ ነው። «ከእንስሳት ወደ ሰው» የሚለው የዛሬው ርእሳችን ለኮሶ ግማሽ እውነት ብቻ ነው፤ በሬው እኛን ከማስታመሙ በፊት እኛ በሬውን አስታመነዋል።

አሁን የኮሶን ዕለት መለስ ብላችሁ አስቡት። መጸዳጃ ባልነበረበት ዘመን ሰውየው ማለዳ መድኃኒቱን ጠጥቶ ትሉን የት ጣለው? ከጓሮ፣ ከሜዳ ዳር፣ ከብት ከሚሰማራበት። እንቁላሉ በመስክ ላይ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ሰውን የፈወሰው ያው ቀን ለከብቱ በሽታ የሚዘራበት ቀን ነበር። ለዘመናት ኮሶ ጠጥተን ኮሶ ያልጠፋልን ለዚህ ይመስለኛል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሕመም አውቆ አከመ፤ የጋራውን መስክ ግን የሚያየው አልነበረም።

ሕመሙ ቀላል መሆኑም አዘናጋን። በአሳማ ሥጋ የሚተላለፈው የዚህ ትል ዘመድ እንቁላሉ ሰው ሆድ ሲገባ እጩ እስከ አንጎል ደርሶ የሚጥል በሽታ ያመጣል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ ያ መከራ በአብዛኛው ርቆናል፤ የበሬው ትል ሰውን እንዲህ አይጎዳም። ሞት የማያመጣ እንግዳ በቤት ይለመዳል።

ወደ ከተማችን ልምጣ። የጋራውን መስክ የሚያይ ዓይን በከተማው ውስጥ የተተከለው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ደቡብ ባለው ሰፈር፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ሥራ በጀመረው ቄራ ነው። ሰፈሩም ስሙን ከእርሱ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቁጥር 274 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከቦረናና ከሐረርጌ የመጣ ሰንጋ ሌሊት ታርዶ፣ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ እርድ በየፊናው ተከናውኖ፣ ሥጋው ሳይነጋ ወደ ሥጋ ቤቶች ሲጫን፣ መሐል ላይ ቢላዋ የያዘ መርማሪ ቆሟል። የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡን፣ ትከሻውን ሰንጥቆ እጩን ይፈልጋል። በእኔ አስተያየት ይህ ሰው በአዲስ አበባ የጤና ታሪክ ውስጥ ስሙ ከሚገባው በታች የተነሣ ሰው ነው።

ሆኖም ቢላዋው ሁሉን አያይም። እጩ ጥቂት ከሆነና ባልተሰነጠቀ ጡንቻ ውስጥ ካለ ያመልጣል። ሥጋን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ማቆየት እጩን ይገድለዋል፤ ግን ሻኛና ሽንጥ መርጦ ትኩስ ቁርጥ ለሚቆርጥ የካዛንቺስ ደንበኛ 10 ቀን በረዶ ውስጥ የሰነበተ ሥጋ አቅርቡለትና የሚላችሁን ስሙ። ሚጥሚጣውና አዋዜው፣ ከላይም የሚከተለው አረቄ ትሉን ይገድላል የሚለው እምነት መጽናኛ እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው፤ የድርጅቱ ምሕጻረ ስም «ኢንቺስ»፣ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ነበሩ። በኋላ የአፍሪካ አዳራሽ ከጎኑ ተሠራ፣ ሆቴሉ በዛ፣ ሥጋ ቤቱና ጠጅ ቤቱ ተከተለ። ከዋናው መንገድ ጀርባ ግን ሌላ ካዛንቺስ ነበር፤ ጠባብ መንደር፣ የጋራ መጸዳጃ፣ ዕድር፣ በበዓል ዋዜማም ቅርጫ። ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለዘመን መለወጫ ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ በጓሮ ወይም በሜዳ ያርዳል፣ ሥጋውን በመደብ ከፍሎ በዕጣ ይካፈላል። ከቅርጫ የበለጠ ፍትሐዊ የሥጋ አከፋፈል አላውቅም። ከሁለት ወር ጾም በኋላ ድሃውም ሀብታሙም እኩል መደብ ያገኛል። በዚያ በሬ ላይ ግን መርማሪ አልቆመም። እጩ የያዘ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይጣላል፤ ውሻውም በበኩሉ ሌላ ትል ይዞ ወደ ልጆች ይመለሳል፤ እርሱ የሚያመጣው የጉበትና የሳንባ ውኃ ቋጠሮ እንደ ኮሶ የሚሳቅበት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአገራችን የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሞያዎች ተሰብስበው ቅድሚያ የሚሰጣቸውን አምስት በሽታዎች መረጡ፦ የውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ እና ይኸው ከውሻ የሚመጣው የውኃ ቋጠሮ በሽታ። ኮሶ የለም። በሚገድለው ከተመዘነ ምርጫው ትክክል ነው፤ አልከራከርም። የታሪክ ሰው ግን ኮሶን እንደ ምልክት ያየዋል። ኮሶ ባለበት ሁሉ ያልተመረመረ ሥጋ፣ ያልተከደነ መጸዳጃና ያልታሰረ ውሻ በአንድ ግቢ ይገኛሉ። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ፣ አባ ሰንጋና የውኃ ቋጠሮው፣ በዚያው በር ይገባሉ።

አንድ ነገር አክዬ ላብቃ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ መንደር በአብዛኛው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። ስለ ቅርስና ስለ ማኅበራዊ ትስስር ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያ ሕዝብ ቅርጫውን ይዞ ሄዷል፤ የሄደውም ከብት ገና ወደሚግጥበት፣ ከቄራ ወደ ራቀ ሜዳ ነው። በመጪው ፋሲካ በዚያ በሬ ሲጣል መርማሪው አብሮ ይገኛል ወይ? በከተማው አስተዳደር ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ሆናችሁ የምትሠሩ ተመራቂዎቻችን ዛሬ በመካከላችን አላችሁ፤ ጥያቄዬን በመጀመሪያ ለእናንተ አቀርባለሁ። ከዚያ የታዳሚዎችን ጥያቄ እቀበላለሁ።