የልጁ አባት ማነው? ቀለብና ውርስ ከሞያሌ ወዲህና ወዲያ

በኛ በነጋዴዎች ዘንድ ሁለት ቤት ያለው ሰው ብርቅ አይደለም። አንዱ ቤት አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ፣ ሌላው ናይሮቢ ኢስሊ ይሆናል። አንድ ካርቶን ሸቀጥ ሞያሌን ሲሻገር ወረቀት ይጠየቅበታል፤ ልጅ ግን ያለ ወረቀት ተወልዶ ሲያድግ ማንም ምንም አይልም። ጥያቄው የሚመጣው አባት ቀለብ ያቋረጠ ዕለት ወይም የሞተ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው "ልጁ የማን ነው?" ይላል።

ኢትዮጵያና ኬንያ ለዚህ ጥያቄ ባለፉት ስድሳ ምናምን ዓመታት የሰጡትን መልስ ስናገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየናል። የውርሱ ደጅ ቀድሞም ሰፊ ነበር፤ የጠበበው አባትነትን የማስረዳቱ ደጅ ነው።

ከኢትዮጵያ እንጀምር። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። የሟች የመጀመሪያ ወራሾች ልጆቹ ናቸው፣ ድርሻቸውም እኩል ነው የሚለው ቁጥር 842 የዚሁ ሕግ ነው። ወንድ ይሁን ሴት፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ የዚህ አገር ዜጋ ይሁን የሌላ፣ ከጋብቻ ይወለድ ከጋብቻ ውጭ፣ ለውርስ መብቱ ልዩነት አያመጣም። "ዲቃላ" የሚለው ቃል ስድብ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። አባት ልጁን ከውርስ ልንቀል ቢል እንኳ በኑዛዜው ላይ በቂ ምክንያት መጻፍ አለበት። ምክንያት የሌለው ነቀላ ዋጋ የለውም። ስሙን ሳያነሳ ዝም ቢልም፣ ንብረቱን ሁሉ ለሌላ ሰው ቢናዘዝም፣ ያ ብቻውን ልጁን አይነቅለውም።

ይኸው ሕግ ግን በሌላ ገጹ ላይ ደጁን ዘግቶ ነበር። እናትና አባት በጋብቻ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብረው ሳይኖሩ የተወለደ ልጅ፣ አባቱ ወዶ ካልተቀበለው በቀር በሕግ የእናቱ ብቻ ነው። ፍርድ ቤት "አባቱ አንተ ነህ" ማለት የሚችለው በጠለፋ ወይም በመድፈር ጊዜ ብቻ ነበር። "አገባሻለሁ" ተብላ የወለደች ሴት የምትከስበት መንገድ አልነበራትም። ልጁ እኩል ይወርሳል ተባለ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ማስረዳት ግን ተከለከለ።

ይህ የተስተካከለው ዘግይቶ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 143 የአባትነት ክስ የሚቀርብባቸውን ምክንያቶች አሰፋ። አሁን ከጠለፋና ከመድፈር በተጨማሪ፣ እናቲቱ በጋብቻ ተስፋ ወይም በሥልጣን ተታላ ከሆነ፣ አባትነቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ሌላ ጽሑፍ ካለ፣ አብረው ኖረው ከሆነ፣ ወይም ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን በማሳደግ ተካፍሎ ከሆነ ክስ ይቀርባል። ይህ ሕግ የሚሠራው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ፣ በክልል ያለ ሰው የክልሉን ሕግ ይጠይቅ። ቀለብ የመስጠት ግዴታውን ሆን ብሎ የሚተው ወላጅም በወንጀል ሕጉ ቁጥር 658 ይጠየቃል።

ወደ ኬንያ እንሻገር። እዚያ ታሪኩ በተቃራኒው ነው የሄደው። በ1959 እ.ኤ.አ. በቅኝ አገዛዝ ዘመን የወጣ ሕግ፣ ያላገባች እናት የልጇን አባት ከስሳ ቀለብ እንድታስቆርጥ ፈቀደ። ከነጻነት በኋላ፣ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ አንዲትም ሴት አባል ያልነበረችበት ፓርላማ ያንን ሕግ ሻረው። በ1981 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የውርስ ሕግ፣ አባት በግልጽ የተቀበለው ወይም ኃላፊነቱን ወዶ የወሰደው ልጅ ይወርሳል አለ። አሁንም ጉዳዩ በአባትየው ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ። የ2001ዱ የሕፃናት ሕግም ወላጆቹ ላልተጋቡ ልጅ ኃላፊነቱን ቀድሞ የጫነው በእናት ላይ ነበር። ነገሩን የለወጠው የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 53 እናትና አባት ተጋቡም አልተጋቡም ለልጃቸው እኩል ኃላፊነት አለባቸው ይላል። በ2022 እ.ኤ.አ. አዲስ የሕፃናት ሕግ ወጣ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሙስሊም አባት ልጆች ከጋብቻ ውጭ ስለተወለዱ ብቻ ከውርስ ሊገለሉ እንደማይገባ ወሰነ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለኛ ምን ይጠቅማል? መጀመሪያ፣ የት እንደሚከሰስ ያሳየናል። በኬንያ ሕግ፣ ኬንያ ውስጥ ያለ ቤትና መሬት ሟቹ የየትም አገር ሰው ቢሆን በኬንያ ሕግ ይወረሳል። ገንዘብና ሸቀጥ ግን ሟቹ ቋሚ ኑሮውን ባደረገበት አገር ሕግ ይታያል። የአዲስ አበባን ፍርድ ይዞ ናይሮቢ ማስፈጸም ቀላል አይደለም፤ ኬንያ ፍርዳቸውን በምዝገባ ብቻ በምትቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። በኢትዮጵያም የውጭ ፍርድ ለማስፈጸም ያ አገር የኛን ፍርድ መቀበሉ ይጠየቃል። ስለዚህ ንብረቱ ባለበት አገር መክሰስ ይሻላል።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በውርስ ጉዳይ ግን ዝምታ ድርሻን ያስበላል። በኢትዮጵያ፣ ውርሱን ያለ መብት የያዘን ሰው ለመክሰስ ያለው ጊዜ፣ መብቱንና ንብረቱ መያዙን ካወቁ ጀምሮ 3 ዓመት ነው። በኬንያ የውርስ ጥያቄ በመንግሥት ጋዜጣ ታውጆ ለመቃወም 30 ቀን ይሰጣል። በቂ ድርሻ አልተተወልኝም የሚል ልጅም አቤቱታውን የውርሱ አስተዳደር በፍርድ ቤት ሳይጸድቅ ማቅረብ አለበት፤ ከጸደቀ በኋላ አይሰማም። አዲስ አበባ ሐዘን ተቀምጠን ሳለን ናይሮቢ ላይ ጊዜው ያልቃል።

ሦስተኛው ማስረጃ ነው። አባት በልጁ ስም በኤምፔሳ ወይም በቴሌብር የላከው ገንዘብ፣ "ለልጄ ትምህርት ቤት" ብሎ የጻፈው መልእክት፣ የከፈለው የክፍያ ደረሰኝ፣ እንደ አባት ማሳደጉን ያሳያሉ። እናቶች፣ ስልክ ስትቀይሩ እነዚህን አታጥፉ፤ አሳትማችሁ አስቀምጡ። የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትም በተወለደበት አገር አውጡ።

አባቶች ሆይ፣ ለናንተ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። በኢትዮጵያ ልጅን መቀበል በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በኑዛዜ፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ጽሑፍ ይቻላል። የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። እሱን ሳታደርጉ ከሞታችሁ፣ ከሁለቱ ቤት የተወለዱት ልጆቻችሁ መጀመሪያ የሚተዋወቁት ፍርድ ቤት በር ላይ ይሆናል።