ዘንገና፦ ወንዝ ሳይገባበት የሞላው ሐይቅ

ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ፣ እንጅባራ ከመድረሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ በዛፍ የተከበበ ክብ ሐይቅ ያገኛል። ይህ ሐይቅ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የሚገኘው ዘንገና ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። ከ3 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው ጣና እንኳ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራው ከ14 ሜትር ብዙም አይዘልም።

የልዩነቱ ምክንያት አፈጣጠራቸው ነው። ለጣና መፈጠር ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የውኃውን መውጫ መገደቡ አስተዋጽኦ አድርጓል። ዘንገና ግን በፍንዳታ የተከፈተ ጉድጓድ ነው። ከምድር ውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ ቅልጥ ዓለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። የታመቀው እንፋሎት ከላዩ ያለውን ዓለት ሰባብሮ ይበትናል፤ የተበተነው አመድና ስብርባሪ በአፉ ዙሪያ ተከምሮ ክብ ጠርዝ ይሠራል። የቢሾፍቱ ሐይቆችም የተፈጠሩት በተመሳሳይ መንገድ ነው። ወንጪ ግን ከዚህ ይለያል፤ እርሱ የእሳተ ገሞራው አናት ወደ ውስጥ በመስመጡ በተፈጠረ ሰፊ ገደል ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው።

ወደ ዘንገና የሚገባም ሆነ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ታዲያ ውኃው ከየት መጣ? አንደኛው ምንጭ በቀጥታ የሚወርድበት ዝናብና ከጠርዙ ውስጠኛ ተዳፋት የሚወርደው ጎርፍ ነው። ሁለተኛው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የፍንዳታው ጉድጓድ ከከርሰ ምድር ውኃው ወለል በታች ሲዘልቅ፣ በሰው እጅ እንደተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ ከግድግዳው ውኃ ያመነጫል። የሐይቁ ወለል ከፍ እያለ ሄዶ፣ የሚገባው ውኃ በትነትና በስርገት ከሚወጣው ጋር ሲመጣጠን ይረጋል። ስፋቱ ከጥልቀቱ አንጻር ትንሽ መሆኑም ጠቅሞታል፤ ፀሐይ የምታተነው ከላይኛው ገጹ ብቻ ነውና።

ይሁን እንጂ ይህ ሚዛን ስስ ነው። ዙሪያው ያለው ደን ከተመነጠረ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሐይቁ ያስገባል፤ ጠርጎ የሚያስወጣው ወንዝ ስለሌለ የገባው ደለል እዚያው ይቀራል። ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ደግሞ አልጌ እንዲስፋፋ ያደርጋል፤ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስም በጥልቁ ውኃ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በቢሾፍቱ ሐይቆች የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ኦክስጅን ከሌለው የታችኛው ውኃ ጋር ሲደባለቅ ዓሦች በብዛት የሞቱባቸው ጊዜያት አሉ።

ስለዚህ ከጠርዙ ውስጥ ያለው ተዳፋት የሐይቁ አካል ነው፤ የዘንገና ውኃ የሚጠበቀውም በተዳፋቱ ላይ የቆሙት ዛፎች ሲጠበቁ ነው።