ለሁለት ዓመት የመጣው መምህር፦ የሰላም ጓድና የእንግሊዝኛ ትምህርት በኢትዮጵያ

አማርኛ «በጎ ፈቃደኛ» ሲል ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቷል። የፈቃዱ በጎነት ከስሙ ጋር ተሰፍቶ ስለሚመጣ፣ ሥራው ምን እንዳፈራ የሚጠይቅ ሰው ውለታ ቢስ መስሎ ይታያል። ባሕር ተሻግሮ የድሃ ልጅ ሊያስተምር የመጣን ወጣት «ተማሪዎችህ ምን ያዙ?» ብሎ መጠየቅ የእንግዳን ክብር እንደ መንካት ይቆጠራል። ይህ መጣጥፍ ጥያቄውን የሚያነሳው የማንንም ልብ ተጠራጥሮ አይደለም። ቋንቋ ማስተማር ቅንነት ብቻውን የማይወጣው ሙያ በመሆኑ፣ ክብሩን ጠብቆ መመርመር ይገባል ከሚል እምነት ነው።

ለምርመራው የመረጥሁት በኢትዮጵያ የሠራውን የአሜሪካ የሰላም ጓድ ነው፤ ሕዝቡ «ፒስ ኮር» የሚለውን። ሥራው ሰፊ ነበር፤ በዚያው ዘመን የራሳችን ወጣቶችም ተመሳሳይ ሥራ ስለሠሩ ማነጻጸሪያ አይጠፋም። የምከራከርበት ነጥብ እንዲህ ነው፦ ከውጭ የሚመጣ የቋንቋ መምህር ዋጋው የሚለካው የሚያስተምረው ቋንቋ የአፍ መፍቻው በመሆኑ ሳይሆን፣ የተማሪዎቹን ቋንቋ ምን ያህል እንዳዳመጠና ከጎኑ ያለውን የሀገሬውን መምህር ምን ያህል እንዳበረታ ነው።

መነሻው የመምህር እጦት ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በተለይም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰው ጥቂት ትውልድ ተመናመነ። ከነጻነት በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መከፈት ጀመሩ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ግን ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤቶቹ ከኮሌጁ ፈጥነው ስላደጉ፣ በሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምሩት በብዛት የውጭ ሰዎች ሆኑ፤ ከእነሱም ውስጥ ሕንዳውያኑ ብዙ ነበሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን ደግሞ እንግሊዝኛ ሰባተኛ ክፍል ደጃፍ ላይ የቆመ በር ሆነ። ታሪኩም፣ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም ከዚያ ወዲያ በእንግሊዝኛ ነበር። በማትሪክ ፈተና እንግሊዝኛ የወደቀ ልጅ ዩኒቨርሲቲ አይገባም ነበር። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁ ከወላጆቹ በአህያ እየተጫነለት የሚማር ልጅ ዕጣ ፈንታው በዚህ አንድ ቋንቋ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሰላም ጓድን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1961 ነው። ወደ ኢትዮጵያ የተላከው የመጀመሪያው ቡድን 280 ገደማ ሰዎች ያሉት ሲሆን፣ በዋሽንግተን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሠልጥኖ በ1955 ዓ.ም. መባቻ ገደማ አዲስ አበባ ገባ። መሪው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ፤ በኋላ የፔንሲልቬንያ ሴናተር የሆኑት። ይህ አንድ ቡድን የሀገሪቱን የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ቁጥር እጥፍ ገደማ አደረሰው። ቁጥሩ ብቻውን ብዙ ይናገራል፦ የአንድ ሀገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአንድ ክረምት በሠለጠኑ ወጣቶች ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ የእነሱ ብርታትም ስሕተትም የትውልድ ጉዳይ ይሆናል። አብዛኞቹ ከኮሌጅ ገና የወጡ፣ ክፍል ፊት ቆመው የማያውቁ ነበሩ። የአገልግሎት ዘመናቸው ሁለት ዓመት ነው። አንደኛው ዓመት በመልመድ ያልፋል፤ ሁለተኛው ላይ መምህር ሲሆኑ የመመለሻ ጊዜያቸው ይደርሳል።

በክፍሉ ውስጥ የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንመልከት፤ የጉዳዩ እምብርት እዚያ ነውና።

እንግሊዝኛ ለመምህርም፣ ለእኩያም፣ ለታናሽም «ዩ» የሚል አንድ መጠሪያ ብቻ ነው ያለው። «አንተ»ን ከ«እርስዎ» ሲለይ ያደገ ልጅ መምህሩን በዚያ ቃል ሊጠራ ሲል አንደበቱ ይተሳሰራል። ከውጭ ለሚያየው ዝምታው ስንፍና ወይም ዓይናፋርነት ይመስላል፤ ልጁን የያዘው ግን ብልግና እንዳይሆንበት መጨነቁ ነው። ተማሪዎቻችን እስከ ዛሬ «ቲቸር» እያሉ መጥራታቸው ከዚህ ጭንቀት የተገኘ መውጫ ይመስለኛል፤ በማዕረግ የጠራ ሰው ከ«ዩ» ይድናል። ደግሞ «ነገርኩህ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ነጋሪው፣ ተነጋሪውና ድርጊቱ በአንድ ግስ ውስጥ ታጭቀዋል፤ እንግሊዝኛ ሦስት ቃል ያደርጋቸዋል፤ ቅደም ተከተላቸውም ሌላ ነው። ግሱን መጨረሻ ላይ ማሳረፍ የለመደ ተማሪ ዐረፍተ ነገሩን ሲጀምር መድረሻውን አያውቀውም። «መኪናዋ ተበላሸች» የሚል ልጅ በእንግሊዝኛም መኪናዋን በሴት ጾታ ቢጠራት ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ሥርዓት ያለው ስሕተት ነው፤ ሥርዓት ያለው ስሕተት ደግሞ ሥርዓቱን ለሚያውቅ መምህር ለማረም ይቀላል። ለማያውቀው ግን ዓመቱን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ የሚከበብ እንቆቅልሽ ሆኖ ይቀራል።

ከሰዋስው የማይቆጠሩ ነገሮችም አሉ። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «እሺ» ይላል። አዲሱ መምህር ደስ ብሎት ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ያልፋል። «እሺ» ግን ብዙ ጊዜ የመታዘዝ ቃል እንጂ የመረዳት ምስክር አይደለም። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» ማለትም እንዲሁ እንግዳውን ያስደነግጠዋል፤ ልጁ የታመመ ወይም የፈራ ይመስለዋል። እነዚህን የሚያውቀው ከቡና ጠጪ ጎረቤቶቹ፣ ከዘበኛውና ከገበያው አማርኛን የተማረ መምህር ነው። መማሩ ሌላም ፍሬ አለው። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ጊዜው አለመድረሱ ነው፤ ፊደላችን ልዩነቱን አያሳይም። ይህን አጥብቆ ለመጥራት ገበያ መሐል የተሳቀበት መምህር፣ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከአነባበቡ ጋር ስለማይገጥምበት ተማሪ መከራ የሚያስረዳው ሰው አያስፈልገውም። የሰላም ጓዱ ሥልጠና አማርኛን ማካተቱ፣ ፈቃደኞቹም በክፍለ ሀገር ከተሞች ከሕዝቡ መሐል መኖራቸው የፕሮግራሙ ትልቁ ጥበብ ነበር እላለሁ።

ያም ሆኖ ጥበቡ ግማሽ ነበር። ለምሳሌ ወሊሶን እንውሰድ፤ በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር የሆኑት ፖል ሶንጋስ ከመጀመሪያው ቡድን ጋር መጥተው ያስተማሩት በዚያች፣ ያኔ ጊዮን በምትባል ከተማ ነበር። በዙሪያዋ ያደገ ብዙ ልጅ ቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ ነው። አማርኛ ለእሱ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ሦስተኛው። በአማርኛ የሠለጠነ ፈቃደኛ ልጁ በአማርኛ ሲደናቀፍ ቢያይ፣ መሰናክሉ የትኛው ቋንቋ ላይ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ያንን የሚያውቀው ያው አካባቢ ያፈራው፣ በአንደኛ ደረጃ የሚያስተምረው መምህር ነበር፤ እሱን የጠየቀው ግን ብዙም አልነበረም። የቋንቋ ፖሊሲው ራሱ የልጁን የመጀመሪያ ቋንቋ ከክፍል ውጭ ስላደረገው፣ እንግዳው ያልሰማው የተከለከለውን ነው ማለት ይቻላል።

የሰላም ጓድ በተቋቋመበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1961 በካምፓላ፣ ማኬሬሬ፣ እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ስለማስተማር የኮመንዌልዝ ጉባኤ ተካሂዷል። የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚያ ጉባኤ የወጡ እምነቶችን ሲመረምሩ፣ «ምርጡ የእንግሊዝኛ መምህር የአፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ ሰው ነው» የሚለውን ከስሕተቶቹ አንዱ ብለው ፈርጀውታል። በእኛ ትምህርት ቤቶች ይህ እምነት ሕንዳዊውን መምህር በደለው። በአነጋገሩ እየታማ፣ እንግሊዝኛን ግን ራሱ በትምህርት ቤት ስለተማረ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያስቸግር ያውቅ ነበር፤ ከአሜሪካዊው ይልቅም ረዥም ዓመት የሚቆይ ነበር። ስለ እሱ የተጻፈው እጅግ ጥቂት መሆኑ የታሪካችን ጉድለት ነው፤ አንድ ቀን አንድ ተመራማሪ እንደሚክሰው ተስፋ አደርጋለሁ።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ክርክሩ ከክፍል ወጥቶ አደባባይ ደረሰ። የተማሪው ንቅናቄ የሰላም ጓድን የአሜሪካ ፖሊሲ ክንድ አድርጎ ይከሰው ጀመር፤ ከትምህርት ቤቶች ይውጣ የሚል ድምፅም ተሰማ። በሌላው የዓለም ዳርቻም ተመሳሳይ ጥያቄ እየተነሳ ነበር። የልማት ዕርዳታን በመተቸት የታወቁት ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኩዌርናቫካ ለአሜሪካ ወጣት ፈቃደኞች ባደረጉት ንግግር፣ ሊረዱት የመጡት ድሃ የሚናገረውን እንኳ መስማት እንደማይችሉ ነግረው፣ እንደ ጎብኚ ካልሆነ እንዳይመጡ ለመኗቸው። የኢሊች ነቀፋ ለሳምንታት ለሚመጡት ልክ ነበር፤ ዛሬ ለሁለት ሳምንት ክፍያ ከፍለው መጥተው «ሄሎ» ከሚያስዘምሩት የጉዞ ፕሮግራሞች ፊት ሳስቀምጠው ደግሞ ጭራሽ ይበልጥ እውነት ሆኖ አገኘዋለሁ። ሁለት ዓመት ደሴ ወይም ደብረ ማርቆስ ኖሮ አማርኛ የተናገረውን ፈቃደኛ ግን አይገልጸውም። ለምሳሌ የኢትዮጵያን ግብርና ታሪክ በጥልቀት ካጠኑት ምሁራን አንዱ የሆኑት ጄምስ ማካን ይህችን ሀገር መጀመሪያ ያወቋት በሰላም ጓድነት ነው።

የተማሪው ንቅናቄም ሆነ የሰላም ጓዱ ያላሰቡት ነገር ደግሞ ተከሰተ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዋለልኝ መኮንን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1969 የብሔረሰቦችን ጥያቄ ያነሳበትን ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ ያወጣው በእንግሊዝኛ ነው። በማትሪክ በር ላይ የቆመው ቋንቋ የመንግሥቱን መሠረት የሚነቀንቅ ክርክር የሚካሄድበት ቋንቋ ሆነ። በጽሑፉ ሐሳብ መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል። ለእኔ ጉዳይ የሚጠቅመው፣ ቋንቋ ከመምህሩ እጅ ከወጣ በኋላ ባለቤቱ ተማሪው መሆኑን ማሳየቱ ነው።

አሁን ወደ ማነጻጸሪያው እንለፍ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከማግኘታቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ አብዛኞቹ የተመደቡት ለማስተማር ነበር። ከፈረንጁ ፈቃደኛ ጎን በአንድ ግቢ ያስተማሩ አሉ። ልዩነታቸው በእንግሊዝኛ ችሎታ ሲመዘን ፈረንጁ ይበልጣል። ለተማሪው ግን የሀገሩ ልጅ፣ ምናልባትም ከእሱ መንደር ብዙ ከማይርቅ መንደር የወጣ ልጅ፣ እንግሊዝኛን ችሎ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተመልሶ ሲያየው «ይህ ነገር ይቻላል» የሚል ማስረጃ ሆኖለታል። ይህን ማስረጃ ማንም የውጭ ሰው፣ የቱንም ያህል ቢወደው፣ ሊሰጠው አይችልም። ከዚህ በኋላ የመጡት ዘመቻዎች፣ በተለይ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ነገሩን ይበልጥ ገፉት፤ ንባብ በ15 የሀገሪቱ ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ መምህሩ የተማሪውን የመጀመሪያ ቋንቋ መናገሩ ግዴታ ሆነ። የደርግን ዘመን ጭካኔ ሳልዘነጋ፣ በዚህ አንድ ነጥብ ዘመቻው ከሰላም ጓዱ የላቀ ግንዛቤ ነበረው ብዬ አምናለሁ። የሰላም ጓዱ በበኩሉ ከዘመቻው አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ሀገሪቱን ለቆ ወጥቶ ነበር።

የእንግዳውን መምህር ነገር ከራሳችን የቀደመ ልማድ ጋር እናስተያየው፤ በቤተ ክህነት ወግ ወደ ዕውቀት የሚጓዘው ተማሪው ነው። የቆሎ ተማሪ ለምኖ እየበላ ከጎጃም ጎንደር፣ ከጎንደር ወሎ ይዞራል፤ የኔታ ከጉባኤያቸው አይነቃነቁም። የበሰለው ተማሪ ታናሹን ያስጠናል፤ ከእነዚያ መሐል የነገው መምህር ይወጣል። የበጎ ፈቃድ ማስተማር ይህን ገልብጦ መምህሩን መንገደኛ ያደርገዋል። መንገደኛ መምህር የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ በ1955 ዓ.ም. ያስፈልግ ነበር። ከእሱ ኋላ ግን የሚተካው ሰው እዚያው ጉባኤ ውስጥ እየበሰለ ካልቆየ፣ ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ጉባኤው ይታጠፋል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁኔታውን ለወጠው። አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሆነ፤ እንግሊዝኛም እንደ አንድ ትምህርት ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ ጀመር። በአንድ ጊዜ በሺሕ የሚቆጠሩ፣ ራሳቸው እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው መምህራን የእንግሊዝኛ መምህር ሆኑ። ለዚህ ስፋት የሚበቃ የውጭ ፈቃደኛ በዓለም የለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ ሌላውን ጫፍ አሳየን፦ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ፣ እንግሊዝኛው ጥርት ያለ፣ ግን የማይሰማ መምህር። «ቲቸር፣ አልገባኝም» ሲባል አይቆምም፤ ከጎኑ የቆመው የሀገሬው መምህር ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሲያልቅ በቀረችው ጥቂት ደቂቃ የተበተነውን ይሰበስባል። የአፍ መፍቻ ተናጋሪን ድምፅ ከጆሮው ለይቶ ማስገባት ምን እንደሚያመጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዳግም ሲመለስ የሰላም ጓዱ ያገኘው ሌላ ሀገር ነበር። ፈቃደኛው ከሁሉ የሚጠቅመው ክፍሉን ከሀገሬው መምህር ተረክቦ ሲያስተምር ሳይሆን፣ ከእሱ ጋር ተቀምጦ የሳምንቱን ትምህርት ሲያቅድ፣ አብሮት ሲገባና ከክፍሉ በኋላ ተማሪዎቹ የት እንደተሰናከሉ አብሮ ሲነጋገር ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ፎቶግራፍ አያምርበትም፤ ለለጋሽም ቁጥር አይሆንም። መምህሩ ልምዱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ እያብራራ፣ ፈቃደኛው የሚያደምጥበት ሰዓት ከሌለው ግን አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የሰላም ጓድ በዓለም ዙሪያ የነበሩትን 7,000 ገደማ ፈቃደኞች በሙሉ ወደ ሀገራቸው ጠራ። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም በዚያው ወር ተዘጉ። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱ ጠመኔውን ያነሳው እዚያው የነበረው መምህር ነው፤ ከፈቃደኛው ጋር አብሮ ያቀደው ትምህርት በደብተሩ ካለ ከዚያ ቀጥሏል፣ ከሌለም ብቻውን ካቆመበት ጀምሯል።