የፀሐይ ብልጭታና የኮሮና ፍንዳታ ግንኙነት

ሶላር ፍሌር በመባል የሚታወቀው የፀሐይ ብልጭታና ኮሮና ከተባለው የፀሐይ የላይኛው ከባቢ የሚወረወረው ግዙፍ የጋዝ ደመና ብዙውን ጊዜ እንደ አንድ ክስተት ሲነገርላቸው ይሰማል። ይሁንና ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ብልጭታው ጨረር ነው። በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ በ8 ደቂቃ ገደማ መሬት ይደርሳል፤ ቀን በሆነበት የምድር ክፍልም የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ግንኙነትን ያውካል። ፀሐይ ከአናት በላይ በምትሆንባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች እኩለ ቀን ላይ ሲከሰት ችግሩ ይበረታል። በአንጻሩ የኮሮናው ፍንዳታ በቢሊዮን ቶን የሚገመት ጋዝ ከነመግነጢሳዊ መስኩ ወደ ጠፈር የሚወረውር ሲሆን፣ ወደ መሬት ካቀና አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀናት ይወስድበታል። እ.ኤ.አ. በማርች 1989 በካናዳ ኩዊቤክ ግዛት 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ9 ሰዓታት መብራት እንዲያጣ ያደረገው ይኸው ደመና ያስነሳው ማዕበል ነበር።

ስህተቱ የቆየ መነሻ አለው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ካሪንግተን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 ብልጭታ በተመለከተ ከ17 ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ታላቅ የመግነጢስ ማዕበል ተነስቶ የቴሌግራፍ መስመሮችን አወከ። ደመናው በሳተላይት የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ተመራማሪዎች የሚያዩትን ብልጭታ የማዕበሉ መንስኤ አድርገው ቢወስዱ አያስገርምም። አሜሪካዊው ጃክ ጎስሊንግ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን አመለካከት ተረት ሲል ተችቶታል።

ዛሬ ያለው ግንዛቤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይነሳሉ የሚል ነው። የተጠማዘዙ የመግነጢስ መስመሮች ተበጥሰው እንደገና ሲገናኙ የተጠራቀመው ኃይል ይለቀቃል። ከፊሉ ጨረር ይሆናል፤ ከላይ የተዘረጋው መስክ ከላላ ደግሞ ደመናው ይወነጨፋል። ከኃይለኞቹ ብልጭታዎች አብዛኞቹ በፍንዳታ የታጀቡ ናቸው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2014 የታየ አንድ ግዙፍ የፀሐይ ነቁጥ ስብስብ ከፍተኛ ደረጃ ያላቸውን ስድስት ብልጭታዎች ቢያወጣም አንዳቸውም ደመና አላስወነጨፉም። ከላይ የተጫነው ጠንካራ መስክ አፍኖ ይዞታል። ጎላ ያለ ብልጭታ ሳይታይ የሚነሳ ፍንዳታም አለ።

በመሆኑም የጠፈር አየር ትንበያ ባለሙያዎች የብልጭታውን መጠን ብቻ አይተው ማዕበል ይመጣል አይሉም። ደመናው ስለመውጣቱና አቅጣጫው ወዴት ስለመሆኑ የፀሐይን ገጽ ከልለው ኮሮናዋን በሚያነሱ ካሜራዎች ያረጋግጣሉ። የማዕበሉን ብርታት የሚወስነው የደመናው መግነጢሳዊ መስክ ወደ ደቡብ ማዘንበል አለማዘንበሉ ግን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለካው ደመናው ከመሬት 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካሉት መንኮራኩሮች ሲደርስ ነው። ለኃይል ማመንጫና ማሰራጫ ተቋማት የሚቀራቸው ጊዜ ያኔ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።