ጥቅምት 30ን ያላወቀው ሳጥን

በ1996 ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን ማኅደር ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ ለዚያ ሥራ በጊዜያዊነት ከተቀጠርነው ልጆች አንዱ ነበርኩ። ሥራው ቀላል ነው። ካርዱን እያየህ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የቅጥር ቀን፣ ደመወዝ በማይክሮሶፍት አክሰስ ፎርም ላይ ትሞላለህ። በሁለተኛው ቀን «የተቀጠረበት ቀን ጥቅምት 30 ቀን 1985 ዓ.ም.» የሚል ካርድ ደረሰኝ። 30/2/1985 ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ጮኸና መልእክት አወጣ። «ያስገባኸው ነገር ለዚህ ፊልድ ትክክል አይደለም» ይላል፣ በእንግሊዝኛ። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና ጮኸ። ወደሚቀጥለው ሳጥን አያሳልፍም። ኢስኬፕ ካልነካህ ወይም ሌላ ቀን ካልሰጠኸው እዚያው ተቸንክረህ ትቀራለህ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ዞር ሳትል «28 በለውና እለፍ» አለችኝ።

28 ብዬ አለፍኩ። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያች 28 ነው።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። በግል ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ዳታቤዞች ታሪክ ሲነሣ ዌይን ራትሊፍ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ስም አይቀርም። በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ይህ ሰው በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቩልካን የሚባል ፕሮግራም ጻፈ። ያነሣሣው ትልቅ ሳይንስ አይምሰላችሁ፤ የቢሮው ሰዎች በአሜሪካ ፉትቦል ይወራረዱ ነበርና ግምቱን የሚያግዘው ነገር ፈልጎ ነው። ፕሮግራሙ በኋላ በአሽተን ቴት ኩባንያ በኩል ዲቤዝ ሁለት ተብሎ ለገበያ ቀረበ። (ዲቤዝ አንድ የሚባል አልነበረም። «ሁለት» ሲባል የተፈተነ ዕቃ ይመስላል፤ ነጋዴ የትም ነጋዴ ነው።)

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር ዲቤዝ ሁለት «ቀን» የሚባል የፊልድ ዓይነት አለማወቁ ነው። የሚያውቀው ፊደል፣ ቁጥር እና እውነት ወይም ሐሰት ብቻ ነበር። ቀን መያዝ ከፈለግህ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ትጽፈዋለህ፤ ጳጉሜን 5 ብትለውም፣ መስከረም 45 ብትለውም ዝም ብሎ ይቀበላል። ቀን ራሱን ችሎ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው በዲቤዝ ሦስት ነው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ «ይህ ቀን በእርግጥ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 ማይክሮሶፍት አክሰስን ሲያወጣ ነገሩ ከፕሮግራመር እጅ ወጥቶ ወደ ጸሐፊ ጠረጴዛ ወረደ። ፎርሙን በማውስ ስለህ፣ እያንዳንዱን ሳጥን ከአንድ ፊልድ ጋር ታያይዘዋለህ፤ ጥበቃው ከፊልዱ ጋር ይመጣል። አክሰስ እንቢ ሲል ለእያንዳንዱ እንቢታ ቁጥር አለው። 2113 የጻፍከው ከፊልዱ ዓይነት ጋር አይሄድም ማለት ነው። 2279 ለአጻጻፉ ከተሠራው ቅርጽ ጋር አልገጠመም ማለት ነው። 3314 መሞላት ያለበትን ባዶ ትተሃል፣ 3022 ደግሞ መደገም የሌለበትን ደግመሃል ማለቱ ነው። እኔን የያዘኝ 2113 ነበር።

ለምን ያዘኝ? 30/2 ለእኔ ጥቅምት 30 ነው። ለማሽኑ ፌብሩዋሪ 30 ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በዓለም የለም። ይበልጥ ግራ ያጋባን የነበረው ጥቅምት 29 ነው። 29/2/1984 ያልፋል፤ 29/2/1985 አያልፍም። «ይሄ ኮምፒውተር ቫይረስ አለበት» ያለም ነበር። ቫይረስ አልነበረም። 1984 ለአራት ስለሚካፈል ለፈረንጁ ፌብሩዋሪ 29 ቀን ይሰጠዋል፣ 1985 አይሰጠውም። ማሽኑ የእኛን ዓመተ ምሕረት የራሱ ዓመት አድርጎ እየቆጠረ ነበር፤ የነገረን ግን አንድም ሰው አልነበረም።

የቀረውም ሁሉ እንደዚያው ነው። ከመስከረም 30 እስከ ጥቅምት 1 አንድ ቀን ነው፤ ማሽኑ ወር አንድን 31 ቀን ስለሚያደርገው ሁለት ይላል። ስለዚህ ጩኸቱን የሰማነው በወር ሁለት መጨረሻ ላይ ብቻ ቢሆንም ስሕተቱ በሁሉም ካርድ ላይ ነበር። 2113 ጠላታችን መስሎን ነበር እንጂ እውነቱን የነገረን እሱ ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ በ28 አፉን ዘጋነው።

ያልጮኸውስ ምን አደረገ? ከዚህ ሁሉ የከፋው እሱ ነው።

የእኛ ኮምፒውተሮች ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ቅደም ተከተል ተስተካክለው ነበር። ጳጉሜን 5 ቀን 1940 የተወለደ ሰው ካርድ ሲመጣ 5/13/1940 ብለን እንጽፋለን። 13ኛ ወር ስለሌለው ይጮኻል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይጮኽም። አክሰስ የተሰጠው ቀን በተስተካከለለት ቅደም ተከተል ትርጉም ካልሰጠው በራሱ ጊዜ ገልብጦ ይሞክራል፤ «ወር 5፣ ቀን 13 ማለቱ ይሆናል» ብሎ ሜይ 13 አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሳጥኑ ላይም 13/05/1940 ብሎ ያሳያል። ጸሐፊው ወደሚቀጥለው ካርድ ሄዷል። በኋላ ያየው ሰው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ጥር 13 ብሎ ያነበዋል። ጳጉሜን 5 የተወለደች ሴት ያለ አንድ ድምፅ ሰባት ወር ከሃያ ሁለት ቀን አረጀች።

ይህች ሴት የምሳሌ ሰው አይደለችም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በዚያው መሥሪያ ቤት ጽዳት ላይ ይሠሩ የነበሩ እናት የጡረታ ደብዳቤ ደረሳቸው። ኮምፒውተሩ በጥር 60 ዓመት ይሞላቸዋል ብሏል። «እኔ የተወለድኩት ጳጉሜን ላይ ነው፤ እናቴ ለዘመን መለወጫ በአራስ ቤት ነበረች» ቢሉ የሚሰማ ጠፋ። «ኮምፒውተር ይሳሳታል እንዴ እትዬ?» አላቸው ወጣቱ የሰው ኃይል ሠራተኛ፣ በክብር። የሰባት ወር ደመወዝ ለእሳቸው ምን እንደሆነ መቼም አልነግራችሁም።

ያዳናቸው ወረቀት ነው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ ብቻ የምንላቸው ሰው፣ «ኮምፒውተር ገብቷልና አሮጌው ካርድ ይወገድ» ሲባል እሺ እያሉ ሳያስወግዱት ከርመው ነበር። ካርዱ ወጣ፤ ጳጉሜን 5 ይላል።

ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ችግሩን እንዴት እንደፈቱት ደግሞ አይቻለሁ። ፕሮግራመሩ ይመጣና የፊልዱን ዓይነት ከቀን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ጩኸት የለም፤ ሁሉም ይደሰታል። ከዚያ አንዱ 30/2/85፣ አንዱ 30-02-1985፣ አንዱ ጥቅ. 30 ብሎ ይጽፋል፤ በዕድሜ ደርድር ሲባል 10 ከ2 በፊት ይቆማል። ከሠላሳ ዓመት ግድም የማሽን ዕድገት በኋላ ተመልሶ ዲቤዝ ሁለት መሆን ነው። አንዳንዱማ ፊልዱን ስም ጭምር ቀይሮ ይሄዳል፤ ፎርሙ የድሮውን ስም ይፈልግና ሲያጣው ሳጥኑ ሁሉ #ኔም? ብሎ ይሞላል፤ ጸሐፊዋ መረጃው ጠፋ ብላ ታለቅሳለች። አልጠፋም፤ ሳጥኑን ከትክክለኛው ፊልድ ስም ጋር መልሶ ማያያዝ ነው።

በአማርኛ ማስጠንቀቅስ አይቻልም ነበር? አክሰስ የራስህን ማስጠንቀቂያ እንድትጽፍ ይፈቅዳል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የተቀመጡ ስለነበሩ፣ ሳጥኑ ውስጥ አማርኛ የሆነው ጽሑፍ በመልእክቱ መስኮት ሲወጣ ሥርዓተ ነጥብና የእንግሊዝኛ ፊደል የተደባለቀበት ትርምስ ይሆን ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። አክሰስ ውስጡ ወር የለውም። የሚያስቀምጠው ከዲሴምበር 30 ቀን 1899 ጀምሮ ያለፉትን ቀናት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ ከነጥቡ በኋላ ያለው ክፍልፋይ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 1995 ዓ.ም. ለእሱ 37569 ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ወርና ዓመት የሚታየው በር ላይ፣ ስናስገባና ስናይ ብቻ ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ይህ አይደንቃቸውም፤ ከወሩ ስም በታች የቀን ሩጫ እንዳለ ያውቃሉ። እንዲያውም አክሰስ የሂጅራን አቆጣጠር የመጠቀም ምርጫ በሴቲንጉ ውስጥ አለው። ስለዚህ ሁለተኛ በር መክፈት ይቻል ነበር ማለት ነው። ለእኛ አልተከፈተም፤ እኛም በጊዜው አንኳኩተን አናውቅም ብል አልዋሽም።

በሩን በራስ መሥራት ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ፎርሙ ላይ ከየትኛውም ፊልድ ጋር ያልተያያዙ ሦስት ሳጥኖች ታደርጋለህ፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ወር ከ1 እስከ 13። ወሩ 13 ከሆነ ቀኑ ከ5 አይበልጥም፤ ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ 3 ከተረፈ (እንደ 1995) እስከ 6 ይሄዳል። ሲያልፍ ወደ ፈረንጁ ቀን ቀይረህ በእውነተኛ የቀን ፊልድ ታስቀምጠዋለህ፤ ሲታይ መልሰህ ትቀይረዋለህ። ሲሳሳት ይጩህ፤ በአማርኛ ይጩህ።

የድሮ ፋይል ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሁለት ነገር ፈልጉ። ቀኑ 13፣ ወሩ ከ1 እስከ 6 የሆነውን መዝገብ ሁሉ አውጡ፤ ተገልብጦ የገባ ጳጉሜን ካለ እዚያ ውስጥ ነው። ቀጥሎ 28/2 የሚለውን አውጡ፤ ከመጠን በላይ ከበዛ የእኔና የጓደኛዬ ዓይነት ልጆች አልፈውበታል። ሁለቱንም ከካርዱ ጋር አስተያዩ፣ ካርዱ ካለ።

እኛ ያንን ያደረግነው የእትዬ ደብዳቤ ከተሰረዘ በኋላ ነው። ጋሼ ካርዱን ያነባሉ፣ እኔ አርማለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን ያ የመጀመሪያው የጥቅምት 30 ካርድ ደረሰ፤ በእኔ እጅ 28 ተብሎ የገባው። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ይኼን ማን ነው የጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ።

«ሠላሳ በል» አሉኝና ወደሚቀጥለው ካርድ አለፉ።