የካፒቴን ግሬይ ሜዳልያ

ሜዳልያ መሰብሰብ የሚወድ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ባለፈው ክረምት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከሰበሰባቸው አንዱን አሳየኝ። አሜሪካኖች በ1926 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር በሕግ ያቆሙት፣ በበረራ ላይ ለሚፈጸም ጀግንነት ወይም ልዩ ተግባር የሚሰጡት፣ ዲስቲንጉዊሽድ ፍላይንግ ክሮስ የሚባለው የነሐስ መስቀል ነው። በላዩ ባለአራት ምላስ ፕሮፔለር ተቀርጾበታል፤ ጀርባው ግን ልሙጥ ነው። ተማሪዬም፦ «የተሸላሚው ስም ቢጻፍበት ኖሮ ዋጋው ይጨምር ነበር» ሲል አዘነ። እኔ ሳገላብጠው ያሰብሁት ግን ፕሮፔለር በሌለው ነገር ወጥቶ ይህን መስቀል ያገኘውን ካፒቴን ሆቶርን ግሬይን ነው።

ግሬይ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የፊኛ አብራሪ ነበር። ፊኛ ሞተርም መሪም የለውም፤ ለመውጣት አሸዋ ይደፋለታል፣ ለመውረድ ጋዝ ይለቀቅለታል፣ የቀረው የነፋስ ፈንታ ነው። በማርች 1927 ክዳን በሌለው ቅርጫት 28,510 ጫማ ወጥቶ ራሱን ሳተ፤ የነቃው ፊኛው በራሱ ወደ ታች ሲወርድ ነው። በሜይ 4 ደግሞ 42,470 ጫማ ደረሰ፤ ይኸውም 12,945 ሜትር፣ ከኤቨረስት ጫፍ አራት ሺህ ሜትር ያህል በላይ መሆኑ ነው። ሲመለስ ግን ፊኛው ከልክ በላይ ፈጥኖ ወረደበትና በ8,000 ጫማ ላይ በፓራሹት ዘለለ። ዓለም አቀፉ የበረራ ማኅበር ደንብ አብራሪው ከፊኛው ጋር እንዲያርፍ ያዛልና ክብረ ወሰኑ አልተመዘገበለትም።

ይህን ደንብ ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም። ልክ ያለ ደንብ ልክ አይሆንም። እኔም በማስተማር ዘመኔ፣ ደወል ከተደወለ በኋላ ወረቀቱን የሰጠኝን ልጅ፣ መልሱ ትክክል መሆኑን እያየሁ፣ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። ልጁ አንድ ቃል አልመለሰልኝም።

ግሬይ በኖቬምበር 4 ከኢሊኖይ፣ ከስኮት ፊልድ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ። ከ40,000 ጫማ በላይ ደረሰ። በዚያ ብርድ ሰዓቱ ሳይቆምበት እንዳልቀረ ይገመታል፤ ሰዓት የሌለው ሰው ደግሞ የቀረውን ኦክሲጅን በምን ይቆጥራል? በማስታወሻው መጨረሻ ላይ የጻፈው ስለ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊነት፣ ስለ ፀሐዩ ድምቀት፣ አሸዋውም ማለቁን ነበር። ስለ ራሱ ምንም አልጻፈም። በማግስቱ በቴነሲ ግዛት፣ በስፓርታ አጠገብ፣ ፊኛው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ፤ ግሬይም ሞቶ በቅርጫቱ ውስጥ ነበር። በዚህ ጊዜ ከፊኛው ጋር ወርዷል።

ባለፕሮፔለሩ መስቀል የተሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።

ተማሪዬ ሜዳልያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሊሄድ ሲነሣ፣ እኔ የዚያን የደወሉን ልጅ ስም ለማስታወስ እየጣርሁ ነበር።